ሃያኛው ስም

ኬሌራ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ የሞተው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነበር። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከጥቁር ጨርቅ ጋር ሲመጣ ሟቹን ማወቅ ቀላል ነው፤ የጎደለው ስም የእሱ ነው። የጣቃውን ጫፍ ገልጣ አይታዋለች፤ ጥቁር መደብ፣ በላዩ የሻይ ስኒ አፍ የሚያህል ነጭ አበባ የተበተነበት። ይሄ ለሰርግ አይገዛም። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አርፏል፣ ለእሷ ግን አልነገሯትም፤ ከታመመች ወዲህ ብዙ ነገር አይነግሯትም። በጣቷ እየተከተለች ከላይ ጀመረች። ትልቋ አክስት አለች፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነውና መጀመሪያ የጠረጠረችው እሷን ነበር። ወደብ ላይ ከመሰላል ወድቆ ጀርባው የተጎዳው የእህቷ ባል አለ። በግንቦት የተወለደችው ሕፃን ሳትቀር ከስሟ ጎን «ግማሽ ሜትር ይበቃታል» ተብሎ ተጽፎላታል። ወንድሟ ኢኖኬ አለ፣ ሚስቱ ማኬሬታ አለች፣ ልጆቻቸው ከነትዳራቸው አሉ። አስራ ዘጠኝ ስም። ለሦስተኛ ጊዜ ልትጀምር ስትል ጣቷ የመጀመሪያው ስም ላይ ቆመ።

በእኛ ደሴት ካላቫታ እንለዋለን፣ ቤተሰብ በሙሉ ካንድ ጣቃ የተቆረጠ ልብስ ለብሶ የሚወጣበትን። ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ቀሚስ፣ ወንዶቹ ሸሚዝ። ሰው ከሩቅ አይቶ «እነ እገሌ መጡ» ይላል። ከጣቃው ያልደረሰው ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የተጣላ ነው፣ ወይ ሳጥን ውስጥ ነው። ለኢኖኬ ቤተሰብ ሃያ ዓመት ሙሉ ካላቫታውን የሰፋችው ኬሌራ ናት፤ ስድስት ሰርግ፣ አምስት ቀብር፣ የቤተክርስቲያኑን ጣሪያ ምረቃ፣ ሁሉንም። ዝርዝሩንም የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ የሰው ልክ ለመውሰድ ስትሯሯጥ የራሷን እንዳትረሳው ስሟን ሁልጊዜ አንደኛ ቁጥር ላይ ታደርገው ነበር። ይሄኛው ዝርዝር በማኬሬታ እጅ የተጻፈ ነው። አንደኛ ላይ ያለችው ትልቋ አክስት ናት።

ጣቃውን ተሸክሞ ያመጣው ዋይሴያ ገና በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከጸጉሩ የዝናብ ውሃ ይንጠባጠባል። ዋይሴያ የእናቷ ወንድም ልጅ ነው፣ ባለ ታክሲ። በእኛ ዘንድ የአጎትና የአክስት ልጅ ሲገናኙ መሰዳደብ አለባቸው፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ካልተሰዳደቡ ሰው «ምን ሆነው ነው?» ይላል። ከሰኔ ወዲህ፣ ከሆስፒታሉ በኋላ፣ የሚያውቃት ሰው ሁሉ በሯ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀምሯል፤ እሱ ብቻ ነበር ያልጀመረው። አሁንም ከአምስት ደቂቃ በፊት ጣቃውን እንደ ሬሳ ትከሻው ላይ ጭኖ ሲገባ፣ «አንቺ! ዛሬም አለሽ እንዴ? እኔ እኮ ለቀብርሽ ብዬ ጫማ አስጠግኜ ስጠብቅ ሶሉ ረገፈ» ብሏት ነበር። እሷም «አንተን ሳልቀብር ወዴትም አልሄድም፣ ያጎቴ ልጅ፤ ለዚህ ሆድህ የሚበቃ ሳጥን አናጢው ጨርሻለሁ እስኪለኝ ነው የቆየሁት» ብላው ሁለቱም እስኪያስላቸው ስቀዋል።

«ማነው አምጣው ያለህ?» አለችው አሁን።

«ማኬሬታ ናታ። ትናንት ደውላ ከሱቁ አንሳና ለሰፊ አድርስ አለችኝ።» ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ምነው፣ ጎደለ እንዴ? ስልሳ ሁለት ሜትር ነው ብለው ነው የሰጡኝ።»

ዋይሴያ ሃያ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ያመላልሳል፤ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሰፊ ሲባል የሚያውቀው አንድ በር ነው። ማኬሬታ ደግሞ መሃል ከተማ ያለውን ሕንዳዊውን ልብስ ሰፊ ሙኔሽን ማለቷ እንደሆነ እንኳን ሰው ታክሲውም ይገባዋል ብላ ሳትጨምርበት ቀርታለች። ኬሌራ ዝርዝሩን ዘረጋችለት። እሱ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ፣ ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። ያ በዝናብም በጸሐይም ተዘግቶ የማያውቅ አፍ ተዘጋ።

«ምነው? ስደበኝ እንጂ።»

«ኬሌራ…»

በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ከዝርዝሩ ይልቅ ያስደነገጣት ይሄ ነው።

«ልመልሰው» አለ ጎንበስ ብሎ ጣቃውን እየያዘ። «ሙኔሽ ጋ ነበር መሰለኝ። የኔ ጥፋት ነው። አላየሽውም፣ እኔም አላመጣሁትም።»

«ሙኔሽ የአበባውን አቅጣጫ አያይም። ግማሹን ሰው አበባ ዘቅዝቆ ነው የሚልከው። ተወው እዚያው።» እጁን ከጨርቁ ላይ አነሳችለት። «እስከ ማታ ደግሞ አፍህን ትዘጋለህ። ካቃተህ ና፣ እሰፋልሃለሁ።»

ሊስቅ ሞከረ። ወጥቶ ሄደ። በመስኮቱ ስታየው ታክሲው ውስጥ ገብቶ ብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ፤ የመስተዋቱ መጥረጊያ ብቻ ወዲህና ወዲያ ይላል።

የምትኖርበት ክፍል ራይዋንጋ ሰፈር ካለው የወንድሟ ቤት ጎን የተቀጠለ ነው፤ ድሮ በረንዳ ነበር፣ በኋላ በኮምፔንሳቶ ተዘግቶ ባለ ተደራራቢ መስታወት መስኮት ገባለት። ቆርቆሮው ከራስ በላይ አንድ ክንድ ነው፤ ሱቫ ከተማ ላይ ሲዘንብ፣ መቼስ የማይዘንብበት ቀን ጥቂት ነው፣ የሰው ድምፅ አይሰማም። አልጋ አለ፣ የስፌት መኪናዋ አለ፣ ሁለት ሳጥን ላይ የተጋደመ አሮጌ በር አለ፤ መቁረጫ ጠረጴዛዋ እሱ ነው። ክሮቹ በቀለም ተራ ተሰካክተዋል፤ ከክሮቹ ጎን የክኒኑ ጠርሙስ። ክኒኑን በየስድስት ሰዓቱ ነው የምትውጠው። ከዋጠች በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሰዓት የእንቅልፍ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት የሕመም፤ መሃል ላይ ያሉት ሦስቱ የእሷ ናቸው። በእነዚያ ትሰፋለች።

በሰኔ ሐኪሟ፣ ገና ልጅ እግር የሆነች ሴት፣ ካንሰሩ ከማህፀኗ አፍ ተነስቶ ወደ ጉበቷ መዝለቁን ነገረቻት። የጨረር ሕክምናው ያለው ባህር ማዶ ነው፤ ቢሆንም ረፍዷል። «ስምንት ወር። ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል፣ እኔ አምላክ አይደለሁም» አለቻት። ኬሌራ ከዚህ ሁሉ ንግግር የመጨረሻዋን ይዛ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዚያው ሳምንት ትምህርት ለሚከፈትበት ለጥር የሰባት ተማሪዎች ዩኒፎርም ልትሰፋ ተቀበለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ባህሩ ግንብ መሄድ ጀመረች፤ ሮቲ የሚባል ድንች የተጠቀለለበት ቂጣ በሁለት ዶላር ትገዛለች፣ ግንቡ ላይ ተቀምጣ ግማሹን ትበላለች፣ ውሃውን ታያለች። ሠላሳ ዓመት ሱቫ ኖራ በሥራ ቀን ባህር አይታ አታውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ግን ይሄ አልተወደደላትም። «እኛ በየቤቱ ጸሎት እያስያዝን፣ አንቺን ግንቡ ላይ ሮቲ ስትበዪ ያየሽ ሰው ምን ይበል?» አለቻት ማኬሬታ። ባለፈው ሳምንትም አንዲት የሰፈር ሴት ጠርዝ ልታሳጥፍ ቀሚስ ይዛ ስትመጣ ማኬሬታ ደጁ ላይ ተቀብላ «አሁን አትሰፋም፣ ተይያት፣ ትረፍ» ስትላት በመስኮቱ ሰምታለች። የስፌት መኪናዋ ዝምታ ሦስት ቀን ቆየ። የሚያማትም የማያማትም ቦታ አብሮ ያመማት ያኔ ነው።

አሁን ጨርቁ ፊቷ ተቀምጧል። ልትንቀው ፈልጋ ነበር። ጫፉን በውሃ አርሳ ነጭ ጨርቅ ላይ አሸችው፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ሳብ አደረገችው፤ ተመለሰ። ወደ ብርሃን ያዘችው፤ ድሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጥሩ ጨርቅ ነበር። ወንድሟ መርጦ ነው የገዛው፤ ምርጫውም እንደማያሳፍር አይታ የባሰ ተናደደች። እናታቸው የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነበራቸውና አንድ ዓይነት ጥቁር ጠፍቶ ከሦስት ሱቅ በሦስት ዓይነት ጥቁር ወጡ፤ ኬሌራ ሳትተኛ ሰፍታው እንኳ አላማረም፤ የአባታቸው ወገኖች ቆመው እያዩ በክንዳቸው ሲነካኩ ኢኖኬ አይቷል። ያን ቀን ጥርሱን ነክሶ እንደቀረ ታውቃለች። ይሄ ስልሳ ሁለት ሜትር የዚያ ቀን መልስ ነው። ለእሷ ክብር የተገዛ ነው። እሷ ያየችው ግን ሌላ ነው፤ ከባህሩ ግንብ የተመለሰችበትን ማክሰኞ፣ የተቀበለችውን ዩኒፎርም፣ ጠዋት ጠዋት ክኒኗን ውጣ «ዛሬም አለሁ» የምትለውን፣ ይሄን ሁሉ አስራ ዘጠኝ ሰው አንድ ላይ ሆኖ አልቆጠረላትም። ቁጥር ውስጥ የለችም። መሞቷን አትፈራም ማለት አይደለም፤ ትፈራለች። ግን ሞት ሲመጣ ከሰው መሃል ይውሰዳት እንጂ ከዳር አያንሳት።

ከአስራ ስድስት ቀን በኋላ የአባቶች እሁድ ነው። በየዓመቱ በዚያን ቀን ቤተሰቡ ካላቫታ ለብሶ ነው ቤተክርስቲያን የሚገባው፤ ዘንድሮ «ቤት ውስጥ በሽታ አለ» ተብሎ ቀርቷል። ኬሌራ እርሳሷን አነሳች። ከአስራ ዘጠነኛው ስም በታች ሃያ ብላ ጻፈች፣ ከጎኑ ስሟን።

የቀትሩን ክኒን ዋጠች፣ አንድ ሰዓት ተጋደመች፣ ተነሳች። ከመቁረጧ በፊት ሁልጊዜ እጇን ጨርቁ ላይ ዘርግታ «ጌታ ሆይ፣ እጄን አቅና» ትላለች፤ ሌላ ቀን ከዚያ በላይ አትጨምርም። ዛሬ እጇ እዚያው ብዙ ቆየ። ከዚያ በሩን ቆልፋ ቀሚሷን አወለቀችና በትንሿ መስታወት ፊት ራሷን ለካች። ከሚያዝያ ወዲህ ለክታ አታውቅም። ወገቧ ሠላሳ ዘጠኝ ኢንች ነበር፤ ሠላሳ አንድ ሆኗል። ደረቷ፣ ዳሌዋ፣ ክንዷ፣ ሁሉም የሌላ ሴት ቁጥር ነበር፣ የሆነች ቀጭን የማታውቃት ደንበኛ። አልቅሳ አልጨረሰችም፤ ብርሃኑ ሳይሄድ መቁረጥ ነበረባት። ቁጥሮቹን እንዳሉ ጻፈች። ጎንና ጎኑ ላይ ግን ሁለት ሁለት ኢንች ትርፍ ወደ ውስጥ ተወች፣ እንደ ዩኒፎርም፤ ለሚያድጉ ልጆች እንዲያ ነው የሚቆረጠው፣ ሲወፍሩ ይፈታላቸዋል።

የሁሉንም ቅድ በጠመኔ ጨርቁ ላይ አሰፈረች። ስልሳ ሁለቱ ሜትር ለአስራ ዘጠኝ ሰው ተብሎ ተለክቶ የተገዛ ነው፤ ሃያኛዋ አራት ሜትር ትፈልጋለች። የሕፃናቱን በአዋቂዎቹ ብብት መሃል አስገባች፣ ኮሌታዎቹን ከጠርዝ ቁራጭ አወጣች፣ የአንዱን እጅጌ ከሌላው ትከሻ አጋጠመች፣ አበባዎቹ አንድም ሳይዘቀዘቁ። ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ መቀሷን አንስታ መጀመሪያ የራሷን ቆረጠች። ከቆረጠች በኋላ መመለስ የለም።

ማኬሬታ ከሥራ ስትመለስ አስር ሰዓት አልፏል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታጸዳለች፤ እግሯ ያብጣል፣ በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ነው የምትገባው። በአንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው የቆርቆሮ ዓሣ የያዘ ፌስታል ይዛ «ሻይ ላፍላልሽ?» እያለች የኬሌራን በር ገፋችው። ጠረጴዛውን አየች። ፌስታሉን መሬት አስቀመጠችው።

«ማነው ያመጣው?»

«ዋይሴያ።»

«ያ አህያ!» አለች ማኬሬታ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ያ ራሱን ከሆዱ የማይለይ አህያ! አንቺ እንዳታዪው ብዬ አይደል በእሱ ያስላኩት?» እንባዋ መጣ፤ እጇ ሳሙና ሳሙና ስለሚል በክንዷ ጠረገችው። «እህቴ፣ ክፉ አስበን እንዳይመስልሽ። ቅናሽ ነበር። እስከ አርብ ብቻ ነው አሉን። ሜትሩ አራት ከሃምሳ።»

«አራት ከሃምሳ?» አለች ኬሌራ። ጨርቁን ዳሰሰችው። «ጥሩ ዋጋ ነው።»

«ዘጠኝ ነበር እኮ!»

«እሱማ ጥሩ ዋጋ ነው።»

ለትንሽ ጊዜ ሁለቱም እንደ ድሮው ስለ ጨርቅ የሚያወሩ ሁለት ሴቶች ሆኑ። ከዚያ ማኬሬታ ዝርዝሩን አየችው፣ የራሷን ጽሕፈትና ከታች ያለውን የእርሳስ ጽሕፈት። ኬሌራ የምትፈልገውን ነገረቻት፤ ስለ አባቶች እሁድ፣ ስለ ሃያ ሰው።

«ጥቁር? በአባቶች እሁድ?» አለች ማኬሬታ። «አንቺን መሃል አድርገን፣ ሁላችን ጥቁር ለብሰን? ሬሳዋን አስነስተው ይዘዋት መጡ ነው የሚሉን።»

«ይበሉ። ስዘምር ይሰሙኝ የለ።»

«ከዚያስ? የታየ ጨርቅ ሁለተኛ አይለበስም። ለ…» ቃሉ አልወጣላትም። «ለዚያኛው ቀን ምን እንልበስ? ሌላ ስልሳ ሜትር ማን ይገዛል?» ተነሳች፤ ፌስታሏን አነሳች። «እኔ አልችልም። እሱ ይምጣ። እሱ ይወስን።» ከወጣች በኋላ ከኩሽና ጣሳ ሲከፈት፣ ድስት ሲቀመጥ፣ ድስት እንደገና ሲነሳ ይሰማል። ሻዩን ግን አመጣችላት፣ የሎሚ ቅጠሉን አብዝታ፤ አጠገቧ አስቀምጣ ቃል ሳትናገር ተመለሰች።

ኢኖኬ ከወደብ ጥበቃው የመጣው አስራ ሁለት ሰዓት ሲል ነው። ከኬሌራ አምስት ዓመት ይበልጣል። በእኛ ወግ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፣ አይነካኩም፤ ጠብ አይደለም፣ የመጨረሻው ክብር እሱ ነው። ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ትቶታል። ኢኖኬ አልተወውም። እንዲህ መኖር ከጀመሩ አርባ ዓመት ሆናቸው፤ የሚላትን ሁሉ በሚስቱ ወይም በልጆቹ በኩል ይላታል፣ እሷ እዚያው ተቀምጣ እየሰማች። ከሐኪሟ የተመለሰች ቀንም «ንገሪያት፣ ቤቱ ቤቷ ነው» ብሎ ወደ ጓሮ ወጥቶ ነበር። ዛሬ ትልቁ ክፍል ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ኬሌራ በክፍሏ ውስጥ፣ በሩ ክፍት። ማኬሬታ ደፉ ላይ፣ በሁለቱ መሃል። ነገሩን አንድ ባንድ ነገረችው፤ እሱ ምንጣፉን እያየ ሰማ።

«በያት፣ ጨርቁን ለምን እንደገዛሁ ታውቃለች።»

«ለአንቺ አስቦ ነው የገዛው ይልሻል» አለች ማኬሬታ ወደ ኬሌራ ዞራ።

«እንዲያ አላለም።»

«እሺ፣ እንዲያ አላለም።»

«ንገሪው፣ አውቃለሁ። በእናታችን ጊዜ የሆነው በእኔ እንዳይሆን ብሎ ነው። ጨርቁም ጥሩ ነው፤ እኔ ራሴ ብመርጥ ከዚህ የተሻለ አላገኝም። ግን ንገሪው፣ ስሜ የለም።»

ማኬሬታ ይሄን አላስተላለፈችም። ማስተላለፍ አላስፈለገውም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ። ክኒኗን የምትውጥበት ሰዓት ደርሷል፤ ኬሌራ ከወገቧ በታች ያለው መንቃቱን አውቃለች፣ እየጨመረም ነው፣ ግን ጠርሙሱን ለማንሳት ብትነሳ የተሸነፈች ይመስላታልና አልተነሳችም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆየች። ዝናቡ ሲቀንስ የወንድሟ ድምፅ መጣ፣ ከልማዱ የወረደ።

«ዝርዝሩን ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። ስሞቹን ስጠራላት… በያት፣ ከአንደኛው መጀመር አልቻልኩም። ከአንደኛ የጀመርኩ እንደሆን እሷ ናት። ስለዚህ ከአክስታችን ጀመርኩ።»

ማኬሬታ ከደፉ ሳትነሳ ወደ ኬሌራ ዞረች።

«ንገሪው» አለች ኬሌራ፣ «እኔ አልተቆጣሁም። አይ፣ ዋሸሁ፤ ንገሪው፣ ጠዋት በጣም ተቆጥቼ ነበር።»

«በአባቶች እሁድ ከለበስነው፣ ለዚያኛው ቀን ምን እንለብሳለን ትላለች?» አለ ኢኖኬ።

«ይሄንኑ።»

«የታየ ጨርቅ?»

«የታየ ጨርቅ። ያን ቀን ቆሞ የሚያይ ሰው ሁሉ፣ ይሄ ከእሷ ጋር የለበሱት ነው ይበል። ንገሪው፣ ለቀብሬ ተብሎ የተሰፋ ልብስ አልፈልግም። እሁድ እሁድ አብረን ገብተንበት፣ ወጥ ተደፍቶበት፣ ታጥቦ፣ ክርኑ የሳሳ ልብስ ለብሳችሁ ቅበሩኝ።»

«አንቺስ?» አለች ማኬሬታ በራሷ ድምፅ።

«እኔም ይሄንኑ።»

ማኬሬታ አፏን በእጇ ያዘች። ሻዩ ቀዝቅዞ ጠረጴዛው ላይ አለ። ኢኖኬ ከምንጣፉ ተነሳ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ይሰማል። ወደ ደጅ የሚወጣ መሰላቸው፤ ክፉ ቀን ሲሆን ወደ ጓሮ ነው የሚወጣው። ኬሌራም በሩን እስኪከፍት ጠበቀች። አልከፈተውም።

«ጠይቂያት» አለ፣ ግድግዳውን እያየ፣ «ጨርቁ ለሃያ ይበቃል ወይ?»

«ከነእኔ ለአስራ ዘጠኙ በቅቷል» አለች ኬሌራ። «የቀረኝ የእሱ ነው። የተረፈችው ጨርቅ እንደ ሌላ ጊዜ በግምት የምትቆረጥ አይደለችም። የምሰፋለት ከአሮጌ ሸሚዙ እየለካሁ ነበር፤ ያ ሸሚዝ ደግሞ እሱን ካየ ቆይቷል። ልኩን ሳላውቅ መቀስ አላነሳም።»

«ሜትሩን አምጪው» አለ ኢኖኬ ሚስቱን።

ማኬሬታ ከኬሌራ አንገት ላይ ሜትሩን አውልቃ ወሰደች። እሱ አምፖሉ ሥር ቆመ፣ ለክፍሉ በር ጀርባውን ሰጥቶ፣ ክንዶቹን ከጎኑ ትንሽ አንስቶ። ኬሌራ ወንድሟን እንዲህ አይታው አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ አንዳቸው ወደ ሌላ ቦታ እያዩ ነበርና። የማጅራቱ ጸጉር ነጭ ሆኗል። ቀኝ ትከሻው ከግራው ይወርዳል፣ ያባታቸውም እንዲያ ነበር። ቸኩላ አላየችውም።

«ትከሻ አስራ ዘጠኝ» አለች ማኬሬታ።

«ከአጥንቱ ጀምሪ፣ ከሥጋው አይደለም።»

«ሃያ ተኩል።»

«እሱ ነው። እጅጌ? ክንዱን አጠፍ ያድርግ በዪው። አዎ። አሁን ደረቱን፣ በብብቱ ሥር አዙሪው። ሜትሩ ከኋላ ወርዶብሻል፣ ከፍ አድርጊው። ከፍ። እንዲያ። አሁን ሆዱን።»

ማኬሬታ ጎንበስ ብላ ሜትሩን አዞረች፣ ጫፍና ጫፉን አገናኝታ ቁጥሩን ወደ አምፖሉ አቅጣጫ አነበበች። «አርባ አራት።»

ኬሌራ እርሳሱን ይዛ አልጻፈችም። ከጀርባው ታየዋለች። ጎድኑ ወደ ላይ እንደተሰቀለ ነው፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፣ የሸሚዙ ጀርባ አይንቀሳቀስም። ሕመሟ አሁን እስከ ጉልበቷ ደርሷል።

«ንገሪው፣ ይተንፍስ» አለች። «ለማይተነፍስ ሰው ልክ አልወስድም።»

ማኬሬታ አልነገረችውም። ከዚያ ትንፋሹ ወጣ፣ ባንዴ ሳይሆን እየተቆራረጠ፣ ትከሻው አብሮት እየወረደ፤ ሜትሩ በማኬሬታ ጣቶች መሃል ተንሸራቶ አርባ አምስትን አለፈ፣ አርባ ስድስትን አለፈ፣ ቆመ፣ እንደገና ትንሽ ሄደ።

«አርባ ሰባት» አለች ኬሌራ፣ ማኬሬታ ሳታነበው፤ ጻፈችውም።